ሁሉም የጠቆሟቸው ሰው

ጥቁሬን ሳላወልቅ ሁለተኛ መርዶ መጣ። ባለቤቴ መምህር ኃይሉ ካረፈ ገና ዓመቱ አልሞላም። አንድ ጠዋት ስኳርና ሻይ ቅጠል ልገዛ ሙስጠፋ ሱቅ ጎራ ስል፣ ሙስጠፋ ሚዛኑን ተወና ወደ እኔ ጎንበስ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ቦንጋ ውስጥ ወሬ እንዲህ ነው የሚነገረው። አገር ያወቀው ነገር እንኳ ቢሆን በሹክሹክታ ነው።

«ሰማሽ እትዬ አስካለ? ስንጥሩ አረፉ አሉ።»

«ጋሽ ወዳጆ?»

«ዛሬ ንጋት ላይ። የዕድሩ ጥሩምባ እናንተ ጋ አልደረሰም እንዴ?» ስኳሩን ጠቅልሎ ሰጠኝ። «አላህ ይዘንላቸው። ለማን ይሠሩ እንደነበር ሳናውቅ ሄዱ።»

ስኳሩን ይዤ ወጣሁ። ሻይ ቅጠሉን እዚያው ረስቼዋለሁ።

ይህን የምጽፈው ቀስ እያልኩ ነው። ዕድሜዬን በጸሐፊነት ነው የኖርኩት፤ የሌላ ሰው ቃል ስጽፍ እጄ ፈጣን ነበር። የራሴን ስጽፍ ግን ይከብደኛል፤ ጥቂት ጽፌ እተወዋለሁ፣ ደግሞ እመለስበታለሁ። ስለ ጋሽ ወዳጆ መጻፌም ደግ ሰው ነበሩ ለማለት አይደለም። ደግ ይሁኑ አይሁኑ ዛሬም አላውቅም። የምጽፈው ከሐሳቤ ሊወጡልኝ ስላልቻሉ ነው።

ማንኪራ አጠገብ የተወለዱ የንብ አርቢ ልጅ ናቸው። እኔ ሳውቃቸው በመሥሪያ ቤታችን የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበሩ። ረጅም፣ ትከሻቸው ጎበጥ ያለ፣ ክረምት ከበጋ ቡናማ ባርኔጣቸውን የማያወልቁ ሰው ነበሩ። ደብዳቤ ሲሰጣቸው ፊቱን አያነቡም፤ መጀመሪያ ገልብጠው ጀርባውን ያያሉ። ጀርባው ባዶ መሆኑን ካረጋገጡ በኋላ ነው ወደ ፊቱ የሚመለሱት። ሻይ ቤት ስንሄድም አስተናጋጇ ዞር እስክትል ጠብቀው ብርጭቋቸውን ከጎናቸው ከተቀመጠው ሰው ብርጭቆ ጋር ይለዋውጣሉ። አንድ ቀን ከእኔ ጋር ለወጡ።

«ምነው ጋሽ ወዳጆ?» አልኳቸው።

«ስኳር የበዛበት መስሎኝ ነው።»

ሁለታችንም ስኳር ገና አልጨመርንም ነበር።

በር ሲንኳኳ የሚያውቁትን ሰው እንኳ «ማን ልበል?» ይሉታል። ሰዉ ፊታቸው ቆሞ እያለ ማለቴ ነው። አንድ ጊዜ ኃላፊያችን ራሱ መዝገብ ቤት ሲገባ «ማን ልበል?» አሉት። ኃላፊው ተቆጣ። «ታሾፍብኛለህ? መልኬን አታውቀውም?» ቢላቸው፣ «መልክ ይመሳሰላል ጌታዬ፤ ስም ነው የሚለየው» አሉት። እንዲህ ያሉት የምራቸውን ይሁን ለቀልድ ማንም አላወቀም። የሳቸው ነገር ሁሉ እንዲህ ነበር።

«ጠርጥር፤ ከገንፎም ውስጥ አይጠፋም ስንጥር» የሚለውን ተረት ከአፋቸው አይለዩትም። ስንጥሩ የሚለው ቅጽል የወጣላቸው ለዚህ ነው። «ስሙ ወዳጆ፣ ወዳጅ ግን የለው» እያሉ የሚቀልዱባቸውም ነበሩ። እሳቸው ይሰማሉ፣ አይቆጡም። አንድ ቀን ብቻ እንዲህ ሲሉ ሰምቻቸዋለሁ፦ «አባቴ ቀፎ ፊት አስቀምጦ ያሳየኝ ነበር። በሩ ላይ የምትቆም ንብ አለች። የሚገባውን ሁሉ ታሸታለች። እሷ ማር አትሠራም፤ ግን እሷ ከሌለች ማሩ የማንም ነው።»

እኔ ግን ጋሽ ወዳጆን የጠረጠርኳቸው ከሁሉም ሰው ቀድሜ ነው። ምክንያትም ነበረኝ።

ኃይሉ ቦንጋ ሲያስተምር አንድ እሑድ ጥቂት ሰዎች ቤታችን ምሳ ጋበዝን። ጋሽ ወዳጆም ነበሩ። ጨዋታው ሲደራ ኃይሉ «ግምገማ ማለት ሰው የጎረቤቱን ስም አውጥቶ የሚሸጥበት ገበያ ነው» አለ። ሁሉም ሳቀ። ጋሽ ወዳጆ አልሳቁም፤ ከወንበራቸው ተነስተው መስኮቱን ዘጉ። ብዙም ሳይቆይ ኃይሉ ስብሰባ ላይ ተጠርቶ ያችው ዓረፍተ ነገር ቃል በቃል ተነበበችለት፤ ከዚያም ራቅ ወዳለችው ወደ ደካ ተዛወረ።

«መስኮቱን የዘጋው ሰው ነው በሩን የከፈተው» አልኩት ዕቃውን ስናስር።

«ወዳጆ?» አለ ኃይሉ። «እሱ እኮ ለጥላው እንኳ አይነግርም።»

«ታዲያ ማን ነው?»

«ተዪው አስካለ። ይህን መቁጠር ከጀመርሽ ምሳ የምትጋብዢው ሰው ታጫለሽ።»

ኃይሉ ደካ ሳለ ኩላሊቱን ታመመ። ሐኪሞች ከሆስፒታል እንዳይርቅ አሉ። ደጅ ስንጠና ከርመን በመጨረሻ ወደ ቦንጋ ተመለሰ፤ የመጣው ግን በዝውውር አልነበረም፣ በትውስት ነው። በትውስት የመጣ ሰው አንድ ቃል ከተነሳበት በመጣበት መንገድ ይመለሳል። ኃይሉ ደካ ቢመለስ እንደማይኖርልኝ አውቅ ነበር። በዚያን ዘመን የምፈራው ይህችን አንዲት ነገር ነበር።

የመጠይቁ ነገር የመጣው በዚህ መሐል ነው። በዚያ ዓመት ከተማችን ከየአቅጣጫው እንግዶች የሚመጡበት በዓል እንድታስተናግድ ተመረጠች። ወጣቱ፣ መምህሩ፣ የመንግሥት ሠራተኛው ሁሉ በበጎ ፈቃድ እንዲመዘገብ ታዘዘ። ሁሉም ነገር በአንድ ለአምስት የሚደራጅበት ጊዜ ስለነበር፣ በጎ ፈቃድ በትእዛዝ መምጣቱ ማንንም አላስገረመም። ያስቸገረው ማን ምን ይሥራ የሚለው ነው። እንግዳ የሚቀበል፣ የሚያስተረጉም፣ መኪና የሚያስቆም፣ የታመመ የሚረዳ፣ የጠፉ ሕፃናት ድንኳን ውስጥ የሚቀመጥ ሰው ይፈለጋል።

ከሌላ ክልል ተመድቦ የመጣ ያሬድ የሚባል ወጣት የኮምፒውተር ባለሙያ ነበረን። ሰው ሁሉ እንደ ራሱ ቅን የሚመስለው ልጅ ነው። «በዕጣ ከምንመድባቸው በኦንላይን መጠይቅ እንያቸው» አለ። ሰው በስልኩ፣ ስልክ የሌለው ደግሞ ወጣት ማዕከሉ ካሉት ኮምፒውተሮች በአንዱ ይሞላል፤ ሲስተሙ መልሱን አይቶ ለሚስማማው ሥራ ይመድበዋል። አማርኛውን እኔ እንድጽፍ ተደረገ። ጋሽ ወዳጆ ካፊኖኖ ተናጋሪና አገሩን አዋቂ ስለሆኑ የበጎ ፈቃደኞቹ አስተባባሪ ሆኑ።

መጀመሪያ የጠየቁት ጥያቄ የሚጠበቀው ነበር።

«ማን ነው የሚያነበው?»

«ማንም አያነበውም ጋሼ፤ ሲስተሙ ነው።»

«ሲስተሙን ማን ቀጠረው?»

«እኔ ነኝ የሠራሁት።»

«አንተንስ?»

ያሬድ ሳቀ። እሳቸው ግን መልሱን እየጠበቁ ነበር።

መጀመሪያ በመሥሪያ ቤቱ ሠራተኞች ላይ ሞከርነው። ያሬድ ያዘጋጀው ጥያቄ «በእንግዶች መካከል ጠብ ቢነሳ ምን ያደርጋሉ?» የሚል ዓይነት ነበር። አስታርቃለሁ፣ ፖሊስ እጠራለሁ፣ እገላግልና ለየብቻ አስቀምጣቸዋለሁ የሚሉ ምርጫዎች አሉት። መጨረሻው ምርጫ «የበላይ አካል መመሪያ እጠብቃለሁ» ይላል። ሁላችንም ለየብቻችን ሞልተን ስናበቃ ሁላችንም መጨረሻውን መርጠን ተገኘን። ሲስተሙም መሥሪያ ቤቱን በሙሉ የኃላፊው ተላላኪ አድርጎ መደበው።

ያሬድ ራሱን ያዘ። «ጋሼ፣ እንዴት ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ይሆናል?»

«ሰዉማ ልዩ ልዩ ነው» አሉ ጋሽ ወዳጆ። «ፍርሃቱ ነው አንድ ዓይነት።»

«ታዲያ እንዴት አድርጌ ልጠይቃቸው?»

«እኔ ምን አውቄ! ልቅሶ ቤት ስሄድ 'ምን ትችላለህ?' ብሎ መርማሪ ሆኖ የጠበቀኝ ሰው የለም። ድንኳን የሚተክለው ይተክላል፣ ውሃ የሚቀዳው ይቀዳል።»

እኔም ከኪቦርዱ ቀና ብዬ «እውነት ነው፤ እኔ ሠርግ ቤት ስሄድ ሁልጊዜ ራሴን የማገኘው ዕቃ ከሚቆጥሩት ጋር ነው» አልኩ።

ያሬድ ከወንበሩ ብድግ አለ። የበላይ አካልን ከምርጫው አወጣና አዲስ ጥያቄ አስጻፈኝ፦ «ሠርግ ወይም ልቅሶ ቤት ሲሄዱ፣ ማንም ሳያዝዎ ራስዎን የት ያገኙታል?» ወንበር ከሚያመላልሱት ጋር፣ ሽማግሌ ከሚያጫውቱት ጋር፣ ልጆች ከሚንጫጩበት፣ በር ላይ። ሌሎቹንም ጥያቄዎች በዚሁ መንገድ ቀየራቸው። ሠራተኛው እየተሳሳቀ ሞላ። ከኮምፒውተሩ የሚወጣው ሰው እኛን መምሰል ጀመረ።

ጋሽ ወዳጆ «በር ላይ» የሚለውን መረጡ። ያሬድ ውጤቱን አይቶ ጮኸ። «ጋሼ! ሲስተሙ እንግዳ ተቀባይ ነዎት አለ!»

ክፍሉ በሳቅ ሞላ። የሚያውቁትን ሰው «ማን ልበል?» የሚሉ ሰው እንግዳ ተቀባይ!

«ተሳስቷል» አሉ። «እኔ በር ላይ የምቆመው ለመቀበል አይደለም።»

«ታዲያ ለምንድን ነው?»

«የሚገባውን ለማየት።»

እስከዚህ ድረስ ጨዋታ ነበር። ነገር የመጣው በአንዲት ቃል ነው። ያሬድ መጨረሻ ላይ «አብሮዎት ቢመደብ ደስ የሚልዎትን ሰው ይጠቁሙ» የሚል ጥያቄ አስገብቶ ነበር። ጋሽ ወዳጆ ገና ሲያዩት «ይህችን ቃል አውጣት» አሉት።

«የትኛዋን?»

«'ይጠቁሙ' የምትለዋን።»

«መጠቆም ማለት እኮ ማመልከት ነው ጋሼ። ለሽልማትም ሰው ይጠቆማል።»

«እዚህ አገር ለሽልማት የተጠቆመ ሰው አላየሁም። የጥቆማ ሳጥኑ የት እንደተሰቀለ ሄደህ እይ።»

ያሬድ ቃሉን ሊያወጣ ሳይሆን ሊከራከር ተቀመጠ። በዚህ መሐል ኃላፊው መጣና ከኋላችን ቆሞ አነበበ። ቃሉን ወደደው። «ጥሩ ነው፤ እንዲያውም በዚሁ አንድ ጨምሩበት» አለና እየተንጎራደደ አስጻፈኝ፦ «በአካባቢዎ ለበዓሉ መልካም ገጽታ እንቅፋት ይሆናል ብለው የሚጠረጥሩትን ሰው በስም ይጠቁሙ።» ከዚያም «ግዴታ ይሁን» አለ።

ግዴታ የሆነ ጥያቄ አጠገቡ ቀይ ኮከብ ይደረግበታል። እሱ ካልተሞላ መጠይቁ አያልፍም፤ ያላለፈ ሰው ደግሞ ያልተመዘገበ ነው፤ ያልተመዘገበ ሰው በየመሥሪያ ቤቱ ይጠየቃል። ኃላፊው ሲወጣ ጋሽ ወዳጆ ኮከቧን በጣታቸው ነካ አደረጓት። «ቀይ ኮከብ! እቺ ደግሞ አልሞተችም እንዴ?» አሉ። የደርግን ጊዜ የምናስታውሰው ሳቅን። ያሬድ ግራ ገብቶት ያየናል።

መጠይቁን በወረቀት አትሜ ሰጠኋቸው። እንደ ልማዳቸው ገለበጡት፣ መልሰው አዩት፣ ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

«ዛሬስ ጀርባው በፊት በኩል መጣ» አሉ።

እኔ ግን የማስበው ሌላ ነበር። ከተማው በሙሉ አንዳንድ ስም እንዲጽፍ ታዟል። ሰው የራሱን ዘመድ አይጽፍም፣ የሚፈራውን ሰው አይጽፍም፣ የሚያበድረውን ባለሱቅ አይጽፍም። የሚጽፈው አስቀድሞ የተነካውን ነው። ቦንጋ ውስጥ አስቀድሞ የተነካ፣ በትውስት የተቀመጠ፣ ማንንም የማያስጠይቅ ስም የማን እንደሆነ አውቅ ነበር።

ሰው መሙላት ሲጀምር ወረቀት አደርሳለሁ ብዬ ወጣት ማዕከሉ ሄድኩ። ኔትወርኩ ይመጣል ይሄዳል። ወጣቶቹ በኮምፒውተሮቹ ፊት ተደርድረዋል። ጋሽ ወዳጆ ከአንዱ ወደ አንዱ እየዞሩ፣ መጨረሻው ጥያቄ ላይ ሲደርሱ ጎንበስ ብለው በጆሯቸው አንዳች ነገር ይነግሯቸዋል። በካፊኖኖ ነው። የእኔ ካፊኖኖ ገበያ ያደርሰኛል እንጂ ሹክሹክታ ላይ አያደርሰኝም። የተነገረው ልጅ ቀና ብሎ ያያቸዋል፣ ከዚያ ይጽፋል።

የጎረቤቴ ልጅ ትዕግሥት ስትወጣ በር ላይ ያዝኳት።

«ምን አሉሽ?»

«ስም ነገሩኝ።»

«የማን?»

«ለማንም አትንገሪ ብለውኛል እትዬ» ብላ ዓይኗን ሰበረች።

ቤት ገብቼ ለኃይሉ ነገርኩት። ግቢ ውስጥ ፀሐይ እየሞቀ ነበር። «የአንተን ስም ነው የሚያስጽፉት» አልኩት።

«ኔትወርክ በሌለበት አገር ይህን ሁሉ ወሬ በምን አመጣሽው?» አለ።

«ቀልድ አይደለም ኃይሉ!»

«እንግዲያው እኔም መምህር ነኝ፣ መሙላቴ አይቀርም። ነገ ሄጄ ከአፉ እሰማለሁ።»

በማግስቱ ሄደ። ሲመለስ በሩን ተደግፎ፣ ሳል እስኪያፍነው ይስቃል።

«ነገሩህ?»

«ነገረኝ።»

«የማን ስም?»

«ለማንም አትናገር ብሎኛል።»

የያዝኩትን ጨርቅ ወረወርኩበት። «ሄደሽ ሙዪና ስሚ» አለኝ ዕንባውን እየጠረገ። ፍርሃቴን ሊያስረሳኝ የሚስቅ መሰለኝ፤ እንዲህ ያደርግ ነበር።

ሄድኩ። ሌሎቹን ጥያቄዎች ሞልቼ ቀይ ኮከቧ ጋ ስደርስ ባርኔጣቸው በትከሻዬ በኩል መጣ። ለእኔ በአማርኛ ነው የነገሩኝ።

«አስካለ፣ እዚህ ላይ 'ወዳጆ' ብለሽ ጻፊ። ለማንም አትንገሪ።»

«የትኛው ወዳጆ?»

«ይሄኛው» አሉና ባርኔጣቸውን ከፍ አደረጉ። በደረቅ ፊታቸው።

«ለምን ሲባል?»

«ስም ካልበላች አታልፍም። ሕመምተኛ ከምናበላት እኔን ትብላ፤ እኔ እንደሆን ስንጥር ነኝ፣ ጉሮሮዋ ላይ እቆማለሁ።»

ይህን ሲሰማ ሌላ ሰው ያለቅስ ይሆናል። እኔ ጠረጠርኩ። ያ እሑድ፣ ያ የተዘጋ መስኮት መጣብኝ። ሰው ያለ ነገር የራሱን ስም ያስጽፋል? ማን ታዘዘኝ፣ ማን አልታዘዘኝም የሚለውን እየለዩ ቢሆንስ? ነገ «አስካለ ጠቁማብኛለች» ቢሉ ምን እመልሳለሁ? መሥሪያ ቤቱ በፍጥነቱ የሚያውቀው እጄ ኪቦርዱ ላይ ደርቆ ቀረ። በመጨረሻ ቢያንስ «ኃይሉ» አይደለም አልኩና ጻፍኩት።

ውጤቱ ሲከፈት ቃለ ጉባኤ ያዥ ነበርኩ። ያሬድ ኮምፒውተሩን ወደ ኃላፊው አዙሮ የተጠቆሙትን ስሞች እያነበበ ይወርድ ጀመር። ወዳጆ። ወዳጆ። አቶ ወዳጆ የመዝገብ ቤቱ። ወዳጆ። አንዱ አክብሮቱ አላስችል ብሎት «ጋሽ ወዳጆ» ብሏል። ሌላው «ወዳጆ፣ ይቅርታ ጋሼ» ብሎ ጽፏል። ከላይ እስከ ታች ሌላ ስም የለም። ያሬድ ሲስተሙ የተበላሸ መስሎት ዘግቶ እንደገና ከፈተው።

ጋሽ ወዳጆ ተጠሩ። ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ገቡ። ጭንቅላታቸውን ራቁቱን ያየሁት ያን ቀን ነው።

«ይህ ሁሉ ሕዝብ አንተን ነው የጠቆመው» አለ ኃላፊው። «ምን ትላለህ?»

«እኔ ምን እላለሁ? ሕዝብ አይሳሳትም ብለው በየስብሰባው ያስተማሩን እርስዎ ነዎት።»

«ይሄ አድማ ነው!»

«አድማ ነው ካሉ ሕዝቡ አድመኛ ነው ማለት ነው። እንደዚያ ብለን ለበላይ እናሳውቅ?» ወደ እኔ ዞሩ። «አስካለ፣ ጻፊው።»

«አትጻፊ!» አለ ኃላፊው ከወንበሩ ግማሽ ተነስቶ።

ብዕሬ ወረቀቱ ላይ ቆመ። ያሬድ መሬት መሬቱን ያያል። ኃላፊው ለሪፖርቱ ሁለት መንገድ ብቻ ነበረው፤ ወይ ሕዝቡ ልክ ነው፣ ወይ ጥያቄው ስህተት ነው። ጥያቄው ስህተት ነው ከተባለ ጠያቂው ይጠየቃል። ስለዚህ ሕዝቡ ልክ ሆነ። ጋሽ ወዳጆ ከአስተባባሪነት ተነሱ፣ የበዓሉ ቦታ እንዳይደርሱ ተባሉ።

በበዓሉ ቀን የያሬድ ሲስተም እያንዳንዱን ሰው እንዳወቀው አየሁ። ትዕግሥት እንግዶቹን እንደ ዘመድ ታስተናግዳለች። ኃይሉ የጠፉ ሕፃናት ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ ነበር፤ የጠፋ ሕፃን አልመጣም፣ የቡድናቸውን መኪና ያጡ አንድ ሽማግሌ ግን አጠገቡ ሆነው እስኪመሽ ሲጫወቱ ዋሉ። ጋሽ ወዳጆ ከአጥሩ ውጭ፣ ከመንገዱ ማዶ ቆመዋል። መንገድ የጠፋበት እንግዳ ሁሉ ዞሮ ዞሮ እሳቸው ጋ ይደርሳል። «ማን ልበል?» ይሉታል። ስሙን ይናገራል። እሳቸውም እስከ በሩ ያደርሱትና እንዳይገቡ ከተባሉበት ደጃፍ ተመልሰው ማዶ ይቆማሉ። ያሬድ ይህን እያየ «ሲስተሙ አልተሳሳተም» አለኝ፤ ድምፁ ግን ደስታ አልነበረውም።

ከበዓሉ በኋላ የዝውውር ደብዳቤያቸውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ደካ ይላል። ሰጠኋቸው። ገልብጠው ጀርባውን አዩ።

«ደካ ብርድ ነው ይላሉ» አሉ። «ምን ልብስ ይዤ እንደምሄድ ኃይሉን ልጠይቀው።»

ማታ መጥተው ጠየቁት። እሱም ወፍራም ሹራቡን ሰጣቸው።

ከተማው ግን ዝም አላለም። «ሥራ ሰጥተዋቸው ነው» አለኝ ሙስጠፋ በዚያው ዝቅ ባለ ድምፁ። «የራስን ስም አስጽፎ መሄድ! ይሄ የትልልቆች ጨዋታ ነው እትዬ።» ግማሽ ልቤ አመነው። ሌላው ግማሽ ኃይሉን ያያል። ስለ ኃይሉ ማንም ቃል አላነሳም። በትውስት የተባለው መቀመጫው ቦንጋ ላይ ጸና፤ ሆስፒታሉ አጠገብ፣ እኔ አጠገብ፣ ሕመሙ እስኪያሸንፈው ድረስ ኖረልኝ።

የኃይሉ ልቅሶ ላይ ጋሽ ወዳጆ መጡ። ጡረታ ወጥተው ከተመለሱ ቆይተዋል። ድንኳኑ ውስጥ አልገቡም፤ በር ላይ ቆሙ፤ ሹራቡን ለብሰዋል። ልቅሶው እስኪያበቃ በየቀኑ እየመጡ እዚያው ይቆሙ ነበር። በመጨረሻው ቀን ሰው ሲሳሳ ወጣሁ።

«ጋሽ ወዳጆ፣ ገብተው ይቀመጡ እንጂ።»

«እዚሁ ይሻለኛል። የሚገባውን ልይ።»

አጠገባቸው ቆምኩ። «ልጠይቅዎት የምፈልገው ነገር አለ።»

«አውቃለሁ። መስኮቱን ነው።»

እሳቸው ከመንገዱ ዓይናቸውን አላነሱም።

«ብነግርሽ ታምኚኛለሽ?»

አሰብኩበት። ኃይሉን ገና መቅበሬ ነው፤ ለመዋሸት አቅም አልነበረኝም። «አላምንዎትም» አልኩ።

«እንግዲያው ያዢው። የምታምኚ ቀን ጠይቂኝ።»

ያ ቀን ሳይመጣ ሞቱ።

ከሙስጠፋ ሱቅ እንደተመለስኩ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ልቅሶ ቤታቸው ሄድኩ። ድንኳኑ ተተክሏል። ከማንኪራ የመጡ ዘመዶቻቸው ውስጥ ተቀምጠዋል። ወንበር የሚያመላልስ አለ፣ ውሃ የሚቀዳ አለ። በሩ ላይ ግን ማንም የለም። ዕቃ ወደሚቆጥሩት ሴቶች ልሄድ ነበር፤ እግሬ እንቢ አለኝና በሩ ላይ ቆምኩ።

ሰው ይመጣ ጀመር። ትዕግሥት ልጇን አዝላ መጣች። መምህራኑ መጡ። ያኔ ወጣት ማዕከሉ ውስጥ ጎን ለጎን ተደርድረው ያየኋቸው፣ ዛሬ ጢም ያወጡና ወፈር ያሉ ልጆች መጡ። የጋሽ ወዳጆን ስም የጠቆሙ ሁሉ አንድ በአንድ እየገቡ ነው። ከዚያ የእሑድ ምሳ እንግዶቻችን በሕይወት ያሉትም መጡ፤ የእያንዳንዳቸውን ዓይን አየሁ። ያጎነበሰም ነበር፣ ያላጎነበሰም ነበር። ልቅሶ ቤት ሰው ሁሉ ያጎነብሳል፤ ከዚህ ምንም ማወቅ አይቻልም። ሙስጠፋ ሱቁን ዘግቶ መጣና «ምነው እትዬ፣ ገብተሽ አረፍ በይ እንጂ» አለኝ።

«እዚሁ ይሻለኛል» አልኩት። «የሚገባውን ልይ።»

አንዴ ዞር ብሎ አየኝና ገባ።

ከሱ በኋላ አንድ ጃንጥላ የተደገፈ ሽማግሌ መጣ። የቀድሞው ኃላፊያችን ነው። ሥልጣኑም ፀጉሩም ከሄዱ ቆይተዋል። አንገቱን ሰበር አድርጎ ሰላምታ ሰጠኝና ሊያልፍ እግሩን አነሳ።

«ማን ልበል?» አልኩት።

ቆመ። «አላወቅሽኝም እንዴ፣ አስካለ?»

«መልክ ይመሳሰላል» አልኩ። «ስም ነው የሚለየው።»

ወደ ኋላው ዞሮ አየ። ሰው ተሰልፎ ይጠብቃል። ወደ ውስጥም አየ፤ ውስጥ ያሉት ጭውውታቸውን አቁመው ወደ በሩ ዞረዋል። ጃንጥላውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ስሙን ከነአባቱ ተናገረ።

«ይግቡ» አልኩት፤ ከኋላው የቆመውን ለማየትም አንገቴን አሰገግኩ።